የሜሪቶክራሲን ስም መልአክ አላወጣውም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተውን ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ስለ ሜሪቶክራሲ ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ቃሉ ግልጽ ነው ይላል፤ ሥራና ሥልጣን ለሚችል ሰው ይሰጥ ማለት ነው፣ በቃ። ይህን የሚተች ሰው ወይ ቃሉ አልገባውም፣ ወይ የዘመድ አሠራር ናፍቆታል፣ ወይ ደግሞ ጎበዝ ሰው ሲያይ ዓይኑ ደም የሚለብስ ምቀኛ ነው። ከዚያ ይቀጥላል። ፈተና አይዋሽም፣ ገበያም አይዋሽም፣ ከላይ የደረሰ ሰው ስለሚገባው ነው የደረሰው፣ ራሳቸውን ሜሪቶክራሲ ብለው የሚጠሩ ድርጅቶችም ከሌላው ይልቅ ፍትሐዊ ናቸው ይላል። ማሳረጊያው ደግሞ፣ ሰው ሥርዓቱ ፍትሐዊ መሆኑን ካመነ ታች የቀረውም ቦታውን ተቀብሎ በሰላም ይኖራል የሚል ነው።

ጥሩ ተጽፏል፣ አልዋሽም። ግማሹን ራሴን እየነቀነቅኩ ነው ያነበብኩት። ችግሩ፣ መጀመሪያ ላይ ራሴን የነቀነቅኩለት ነገርና መጨረሻ ላይ እጄ ላይ ያገኘሁት ነገር አንድ አይደሉም። መሐል ላይ የሆነ ቦታ ዕቃው ተቀይሯል። የት ጋ እንደተቀየረ ለማየት ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ዘልዬ አልፋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የቃሉ የዘር ሐረግ። ጸሐፊው ሜሪቶክራሲ ከጥንት ግሪኮች የወረስነው ክቡር ቃል ነው ይላል። አይደለም። ግማሹ ላቲን፣ ግማሹ ግሪክ ነው። «ሜሪት» የላቲኑ ነው፤ የሚገባን ዋጋ ከማግኘት ጋር የተያያዘ። «ክራሲ» የግሪኩ ነው፤ ኃይል፣ አገዛዝ፤ ያው ዴሞክራሲ ውስጥ ያለው። ሁለቱ የተጋቡት ደግሞ በጥንት ዘመን ሳይሆን ከሰባ ዓመት በፊት ገደማ፣ እንግሊዝ አገር ነው። በ1956 አላን ፎክስ የተባለ ሶሺዮሎጂስት በአንድ የሶሻሊስቶች መጽሔት ላይ ተጠቅሞበታል፤ ለምስጋና ሳይሆን ለነቀፋ። በ1958 ማይክል ያንግ የተባለ ሌላ ሶሺዮሎጂስት የመጽሐፉ ርዕስ ውስጥ አስገባውና ቃሉ ዓለምን ዞረ። ያንግ በኋላ እንዳወራው፣ የጥንት ቋንቋዎች የተማረ ጓደኛው ላቲንና ግሪክ ደባልቆ ቃል መፍጠር መሳቂያ እንደሚያደርገው አስጠንቅቆት ነበር። የሳቀ ግን የለም። እንዲያውም የችግሩ ሁሉ መነሻ ሰው አለመሳቁ ነው።

ምክንያቱም መጽሐፉ ቀልድ ነበር፤ ምርር ያለ ቀልድ። በ2034 የሚኖር አንድ በራሱ የሚተማመን ምሁር የዘመኑን ሥርዓት እያወደሰ ይተርካል። በዚያ ሥርዓት የሰው ዋጋ የሚወሰነው በአንድ ስሌት ነው፤ አይኪው (የብልህነት መለኪያ ነጥብ) ሲደመር ጥረት እኩል ይሆናል ሜሪት። ብልሆቹ ከልጅነታቸው ተለቅመው ወደ ላይ ይወጣሉ። የቀሩት ደግሞ ዕድሉ ተሰጥቷቸው መውደቃቸው ተረጋግጦ ታች ይቀመጣሉ። ተራኪው በዚህ ሁሉ ደስተኛ ነው። አንባቢው ግን ገጽ በገለጠ ቁጥር እየቀፈፈው መሄድ ነበረበት።

በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሰሙ ምስጋና ነው፣ ወርቁ ማስጠንቀቂያ። ዓለም ሰሙን ይዞ ሄደ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ የዚህን ስም ግን ያወጣው አሽሟጣጭ ነው።

ጸሐፊው ለዚህ መልስ አዘጋጅቷል። ቃል ውሎ ሲያድር ትርጉሙ ይለወጣል፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ምን አስቦ ነበር የሚለው ዛሬ አይመለከተንም ይላል። በዚህስ እስማማለሁ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብዬ አልከራከርም። ቃል ባለቤት የለውም፤ ዓለም በሙሉ ለምስጋና ከተጠቀመበት ለምስጋና ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ማስጠንቀቂያው ከቃሉ ላይ ሲራገፍ ምን ተረፈ? እኔ ስቆጥረው ሦስት ነገር ነው የተረፈው፣ ሦስቱም በአንድ ስም ተጠቅልለው።

አንደኛው ሥራን ለሚችለው መስጠት ነው። ሁለተኛው የሚችሉት ይግዙ የሚለው ነው፤ «ክራሲ» የምትለዋ ጭራ ዝም ብላ አልተቀጠለችም። ሦስተኛው ደግሞ ከላይ ያሉት ያገኙትን ሁሉ ማግኘታቸው ተገቢ ነው፣ ከታች ያሉትም ማጣታቸው ተገቢ ነው የሚለው ነው። አንደኛውን የማይቀበል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለተኛው ያከራክራል። ሦስተኛው ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። የጸሐፊው ጽሑፍ ከአንደኛው ተነስቶ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል፤ መሐል ላይ ግን አንድም ቦታ ድልድይ አልሠራም። ቃሉ ራሱ ተሸክሞ አሻገረው።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለው። «ይገባዋል» ስንል ሁለት ነገር ነው የምንለው። ትምህርት የሚገባው ልጅ አለ፤ የሚያስተውል፣ ቶሎ የሚረዳ። ሽልማት የሚገባው ልጅም አለ፤ ቢሰጠው ትክክል የሆነ። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። «ትምህርት ስለሚገባው ሽልማት ይገባዋል» ብትሉ ጆሮ ላይ ደስ ይላል፤ እንዲያውም ማስረጃ ይመስላል። ግን ምንም አላስረዳችሁም፣ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አላችሁት እንጂ። ልጁ ሒሳብ ቶሎ ስለገባው ትልቅ ቤት፣ ክብር፣ በሌላው ላይ ማዘዝ፣ ሲታመምም ከሌላው ቀድሞ መታከም ይገባዋል ወይ? ምናልባት አዎ ትላላችሁ፣ ምናልባት አይ። ያ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ከሒሳቡ ውስጥ ተፈልቅቆ አይወጣም። ሜሪቶክራሲ የሚለው ቃልም በፈረንጆቹ ቋንቋ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። የገባውንና የሚገባውን አንድ ኮት አልብሶ ያስገባቸዋል፤ በሩ ላይ ያለው ሰው አንድ እንግዳ የገባ ይመስለዋል።

ደግሞ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። አሪስቶክራሲ የሚለው ቃል ንጹሕ ግሪክ ነው፤ የምርጦች አገዛዝ ማለት ነው። ስሙ ውስጥ ስለ ዘር የሚያወራ ነገር የለም። ምርጦቹ ልጅ ወለዱ፣ ልጆቹም እኛም ምርጥ ነን አሉ፣ ቃሉም የባላባት ልጆች መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በ1813 ለጆን አዳምስ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ሊያድነው ሞክሮ ነበር። በምግባርና በተሰጥኦ የቆመ የተፈጥሮ አሪስቶክራሲ አለ፣ በሀብትና በዘር የቆመ ሰው ሠራሽም አለ ብሎ ለያቸው። ደስ የሚል ልዩነት ነው። ይህን ሲጽፍ ግን እርሻውን የሚያርሱለት በባርነት የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። የማን ተሰጥኦ እንደሚቆጠር ውድድሩ ሳይጀመር ተወስኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ የቀዶ ሐኪሙ ምሳሌ ይመጣል። ሜሪቶክራሲን የሚከላከል ጽሑፍ ቀዶ ሐኪም አያጣም። ሆድህን የሚቀድህ የሚችል ሰው ይሁን ወይስ የኃላፊው የእህት ልጅ? ብሎ ይጠይቃል። የሚችለው ይሁን እንጂ፣ ማን ይጠላል። ግን አስቡት። አልጋው ላይ ስተኛ የምፈልገው ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሐኪም ነው። ከሐኪሞች ሁሉ አንደኛ መሆኑን አላጣራም፤ ማንም አያጣራም። ሁሉም በሽተኛ አንደኛውን ይጠብቅ ቢባል ወረፋው መቃብር ድረስ ይሄዳል። ሕክምና የሚሠራው በፈቃድ ነው። ይህን ያህል የተማረና የተለማመደ ያልፋል፣ ያላሟላ አያልፍም።

ብቃት የሚለው ቃላችን ይህን ነገር ከፈረንጁ ቃል በተሻለ ይይዘዋል። ሥሩ «በቃ» ነው። ብቁ ሰው ማለት ለሥራው የሚበቃ ሰው ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ማለት አይደለም። ለአንድ ቦታ አርባ ሰው ሊበቃ ይችላል። ከአርባዎቹ አንዱ ሲመረጥ ሠላሳ ዘጠኙ አይችሉም ማለት አይደለም፤ ወንበሩ አንድ ስለሆነ ነው። ሜሪቶክራሲ ግን ነፍሱ ደረጃ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በግማሽ ነጥብ የተበለጠውን ሰው ከማይችለው ጋር ደርቦ ይጥለዋል። እንደኔ እንደኔ፣ ብዙ ሰው ሜሪቶክራሲን እደግፋለሁ ሲል ብቁ ሰው ይቀጠር ማለቱ ነው። ያ ደግሞ ይህን የሚያህል ስም አይፈልግም። ሐኪሙ ጎበዝ ስለሆነ የጽዳት ሠራተኛዋን ደመወዝ እሱ ይቁረጥ፣ ልጁም ካለፈተና ሐኪም ይሁን አይባልም። ጥሩ ቀደደ፤ እናመሰግናለን፤ እዚያ ላይ ያበቃል።

ትንሽ የተናደድኩት ግን ሜሪቶክራሲን የማይቀበል ሁሉ የዘመድ አሠራር ደጋፊ ነው ሲል ነው። ሁለት በር ብቻ ያለው ቤት ሠርቶ፣ በዚህ ካልወጣህ በዚያ ነህ ማለት ነው ይህ።

ታሪኩን እንየው። ሹመት በዘመድና በውለታ የሚሰጥበትን አሠራር ያፈረሱ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ በ1854 የወጣው የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ሪፖርት የመንግሥት ሠራተኛ በውድድር ፈተና ይቀጠር አለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ደም ፈሶበታል። በ1881 ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን በጥይት መታው፤ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ወር በላይ ሲሰቃይ ቆይቶ ሞተ። ሰውየው ለምርጫው ስለደከምኩ የዲፕሎማት ሹመት ይገባኛል እያለ ደጅ ሲጠና የከረመ ነው። ይገባኛል የምትለዋን ልብ በሉልኝ፤ የውለታ አሠራርም የራሱ ይገባኛል አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1883፣ የፔንድልተን ሕግ ወጣና የተወሰኑ የፌዴራል መንግሥት ሥራዎች በፈተና መሰጠት ጀመሩ።

ትልቅ ድል ነው። ግን ዓመቶቹን እዩአቸው። 1854፣ 1883። ሜሪቶክራሲ የሚባለው ቃል ገና አልተወለደም! ከዘመድ አዝማድ ጋር የተዋጉት ሰዎች ቃሉ ሳያስፈልጋቸው ተዋግተው አሸነፉ። እና እኛ ቃሉን ብንተወው ነገ ጠዋት የእህት ልጅ ይሾማል የሚለው ስጋት ከየት መጣ? ያንግም ቢሆን ሥራ በችሎታ መሰጠቱን አልተቃወመም። በ2001 ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ሲጽፍ፣ ሰውን በችሎታው ሥራ ላይ መመደብ ማለፊያ ነገር ነው ብሎ፣ ነገሩ የሚገለበጠው አንድ ዓይነት ችሎታ አላቸው የተባሉት ሰዎች ለሌላው ቦታ የማይለቅ አዲስ መደብ ሆነው ሲጠነክሩ ነው ይላል። ጸሐፊያችን የሚዋጋው ሜዳ ላይ ከሌለ ሰው ጋር ነው።

ፈተና አይዋሽም የሚለው ሰፊ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቀመጥ። ጸሐፊው ፈተናን ከሜትር ጋር ያመሳስለዋል። ሜትር የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። እውነት ነው። ይህን ሐሳብ ከማንም በላይ የገፉበት ቻይናዎች ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት የሚለዩበት ፈተና በሱዪ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ605 ገደማ፣ ተጀምሮ የተሻረው በ1905 ነው፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ማለት ነው። በሶንግ ዘመን የተፈታኙ ስም ወረቀቱ ላይ ይሸፈን ነበር። ያም አልበቃቸውም። አራሚው የእጅ ጽሑፍ እንዳይለይ፣ ገልባጮች ተቀምጠው መልሱን በሙሉ በራሳቸው እጅ እንደገና ይጽፉት ነበር። ዛሬ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ስንት ቦታ አለ?

እና ወረቀቱ አልዋሸም። ግን ወረቀቱ ጋ ለመድረስ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለዓመታት ጥንታዊ መጻሕፍትን በቃሉ መያዝ ነበረበት። ያን ሁሉ ዓመት ከሥራ ነፃ አድርጎ የሚያበላውና አስተማሪ የሚቀጥርለት ቤተሰብ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ሴቶች ደግሞ ጭራሽ ለፈተና መቀመጥ አይፈቀድላቸውም ነበር። የሕዝቡ ግማሽ ውጭ ቆሞ፣ ከቀረው ግማሽ ጥቂቱ ስሙን ተሸፍኖ በፍትሕ ተወዳደረ። ሜትሩ ልክ ነው። ማን ይለካ፣ ምኑስ ይለካ የሚለውን ግን ሜትር አይመልስም።

የእንግሊዙ ደግሞ ያስቃልም ያሳዝናልም። ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ ልጆች በአሥራ አንድ ዓመታቸው ገደማ እየተፈተኑ፣ ጥቂቶቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ወደሚከፍተው ትምህርት ቤት፣ አብዛኞቹ ወደ ሌላው ይላኩ ነበር። ያንግ ያሽሟጠጠው አንዱ ይህንን ነው። ታዲያ በአንዳንድ አካባቢዎች ሴቶቹ ልጆች ከወንዶቹ የተሻለ ውጤት አመጡ። ምን ተደረገ መሰላችሁ? የሁለቱ ፆታ ቁጥር እንዲመጣጠን ተብሎ ሴቶቹ ለማለፍ ከወንዶቹ ከፍ ያለ ነጥብ እንዲጠየቁ ተደረገ። ሜትሩ ያልተፈለገ ቁጥር ሲያሳይ ሜትሩን አሳጠሩት። እነዚያ ወንዶች ልጆች አድገው በውጤቴ ነው የገባሁት ሲሉ አልዋሹም፤ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።

ጥረት ላይ ስንመጣ ጸሐፊው ከምንም ተነስቶ ከላይ የደረሰውን ሰው ያነሳል። አለ፤ ክብር ይስጠው። ግን አንድ ሰው ማለፉ የሚያስረዳው መንገዱ ጨርሶ አለመዘጋቱን ነው። ለሁሉም እኩል ክፍት መሆኑን አያስረዳም።

እዚህ ላይ የምወደው ምሳሌ ከበረዶ ሆኪ የመጣ ነው። ስፖርት ውስጥ ዘመድ ብዙም አይሠራም፤ ጎል ካገባህ አገባህ ነው። በ1985 የታተመ የካናዳ ጥናት የታላላቅ ሊግ ተጫዋቾችን የልደት ወር ቆጠረ። በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከሚጠበቀው በላይ በዝተው፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ልጆች ደግሞ አንሰው ተገኙ። ኮከብ ቆጠራ አይደለም። የልጆች ቡድን የሚመደበው ከጃንዋሪ 1 በሚጀምር የዕድሜ ዓመት ነው። ጃንዋሪ ላይ የተወለደና ዲሴምበር ላይ የተወለደ ልጅ አንድ ላይ ይሰለፋሉ። በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አሥራ አንድ ወር ብዙ ነው፤ ቁመት ነው፣ ጉልበት ነው። አሠልጣኙ ትልቁን ልጅ ጎበዝ ነው ብሎ ይመርጠዋል። አልተሳሳተም፣ በዚያ ዕለት ልጁ በእርግጥም ይበልጣል። የተመረጠው የተሻለ አሠልጣኝ፣ ብዙ ልምምድ፣ ብዙ ጨዋታ ያገኛል። ከአሥር ዓመት በኋላማ ልዩነቱ የምር ሆኗል።

ይህን ምሳሌ የምወደው ክፉ ሰው ስለሌለበት ነው። ጉቦ የለም፣ አጎት የለም፣ ያደላም የለም። ልጁ ለፍቷል፣ ላቡ የራሱ ነው። ስለዚህ ብትጠይቁት በልፋቴ ነው እዚህ የደረስኩት ይላችኋል እንጂ በጃንዋሪ ነው አይላችሁም። ሰው የደከመበትን እንጂ የቀለለለትን አያስታውስም። ዲሴምበር ላይ የተወለደውም ለዚህ አልተፈጠርኩም ብሎ ትቶታል። ሁለቱም ስለራሳቸው ያመኑት ነገር ሐሰት ነው፤ የነገራቸው ግን ውጤታቸው ነው።

ገበያ አይዋሽም ለሚለው መልሱን ከሶሻሊስቶች ባመጣለት ጸሐፊው አይሰማኝም። ስለዚህ ከሌላው ሰፈር ላምጣለት። ፍሪድሪክ ሃየክ የነፃ ገበያ ዋና ጠበቃ ነው፤ በ1974 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማትን ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቷል። በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገበያ የሚከፍለው ለሜሪት አይደለም ይላል። ገበያ የሚከፍለው ሥራህ ሌላው ሰው ዘንድ ላለው ዋጋ ነው፤ ምን ያህል እንደደከምክ፣ በቀና ልብ ይሁን አይሁን አይጠይቅህም። አንዱ ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ማንም የማይፈልገውን ነገር ይሠራል፣ ሌላው እንቅፋት መትቶት ያነሳው ድንጋይ ወርቅ ይሆናል። ሃየክ በዚህ አያለቅስም፤ እንዲያውም እንዲህ መሆኑ ይሻላል ባይ ነው። ብቻ ገበያን የሥነ ምግባር ዳኛ አታድርጉት ነው የሚለው። ያንግና ሃየክ፣ በሌላው ነገር ሁሉ የማይገናኙ ሁለት ሰዎች፣ በሁለት ዓመት ልዩነት እዚህ ላይ መገናኘታቸው ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

በ2006 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ሙከራም አለ። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በኢንተርኔት 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲሰሙና የወደዱትን እንዲያወርዱ ተደረገ። አንዱ ቡድን የሌላውን ምርጫ አያይም። የቀሩት በስምንት ተከፍለው፣ በየቡድናቸው የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወረደ ያያሉ። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ የተወደደው ግን በየቡድኑ ይለያያል። በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፣ በጣም መጥፎዎቹም እምብዛም አላሸነፉም። በመሐል ያሉት ግን የትም ሊያርፉ ይችሉ ነበር። ችሎታ በሩ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ቀድሞ አጨበጨበ ነው።

ራሳቸውን ሜሪቶክራሲ ብለው የሚጠሩ ድርጅቶች ይሻላሉ የሚለውን እኔም አንድ ሰሞን አምን ነበር። ኤሚልዮ ካስቲያና ስቴፈን ቤናርድ በ2010 ያሳተሙት ሙከራ ነው ያናጋኝ። የሥራ አስኪያጅነት ልምድ ያላቸው ሰዎች ለሠራተኞች ቦነስ እንዲያከፋፍሉ ተሰጣቸው። ለአንዳንዶቹ ድርጅቱ ሜሪቶክራሲን የሚያከብር እንደሆነ ተነገራቸው፣ ለሌሎቹ ሌላ እሴት። ምዘናቸው እኩል ከሆነ ወንድና ሴት መካከል ለወንዱ አብልጠው የሰጡት እነማን ናቸው? ሜሪቶክራሲ የተባለላቸው! አንዱ የተገመተ ምክንያት፣ ሰው ቤቱ ፍትሐዊ ነው ብሎ ሲያምን ራሱን መጠርጠር ያቆማል የሚል ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 ኤሪክ ኡልማንና ጄፍሪ ኮኸን ያሳተሙት ደግሞ አለ። ሰዎች ለፖሊስ አዛዥነት የቀረቡ አመልካቾችን እንዲመዝኑ ተጠየቁ። አንዱ የተማረ ነው፣ ሌላው የመንገዱን ሥራ የሚያውቅ። ወንዱ የተማረው ሲሆን መዛኞቹ ለዚህ ሥራ ዋናው ትምህርት ነው አሉ። የተማረችው ሴቷ ስትሆን የትምህርቱ ክብደት ቀነሰ። ማንም አደላለሁ አላለም፤ መስፈርቱ ራሱ ነው የተንሸራተተው። መስፈርቱን አመልካቾቹን ከማየታቸው በፊት እንዲወስኑ ሲደረግ ግን አድልዎው ጠፋ። እኔም አንድ ጊዜ ቀጣሪ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሁላችንም የወደድነው ልጅ ከወጣ በኋላ «ለዚህ ሥራ እኮ ዋናው ተግባቢነት ነው» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ላይ ተግባቢነት የሚል ቃል ማናችንም ወረቀት ላይ አልነበረም። ስለዚህ ጸሐፊው ለድርጅት ምክር ከፈለገ ይህችን ይውሰድ፤ መስፈርቱን አስቀድማችሁ ጻፉት፣ ስሙን ግን በር ላይ አትለጥፉት።

የምቀኝነቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ያንግ ሳይሳካለት ቀርቶ የተሳካላቸውን የጠላ ሰው አይደለም። በ1945 የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ ያሸነፈበትን ማኒፌስቶ ያረቀቀ፣ በ1957 የሸማቾች ማኅበር ያቋቋመ፣ በርቀት ለሚያስተምረው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ መፈጠርም ትልቅ ድርሻ ያለው ሰው ነው። በ1978 የሎርድነት ማዕረግም ተቀብሏል። ማዕረጉን መቀበሉ ላይ መቀለድ ትችላላችሁ፣ እኔም ቀልጄበታለሁ፤ ምቀኛ ግን አይባልም። በዚያ የ2001 ጽሑፍ ላይ፣ በ85 ዓመቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ቃሉን ለምስጋና መጠቀም ቢተው ደስ እንደሚለው ጽፎ ነበር። ብሌር አልተወውም። ያንግ በቀጣዩ ጃንዋሪ ሞተ።

የቀረው ማሳረጊያው ነው። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ከሆነ ታች ያለውም ቦታውን ተቀብሎ በሰላም ይኖራል። ይህን ሳነብ የት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም። ድሮ ድሃ የሆነ ሰው ቢያንስ ዓለም በድላኛለች ማለት ይችል ነበር። በጸሐፊው ዓለም ግን ይህም አይፈቀድለትም፤ ተለክተህ፣ ዕድል ተሰጥቶህ፣ ያነስከው አንተው ነህ ይባላል። በዚህ ላይ ደግሞ ተቀብሎ አመስጋኝ እንዲሆን ይጠበቃል። የያንግ ተራኪ የሚጠብቀውም ልክ ይህንን ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ በ2034፣ ሕዝቡ በግንቦት ወር ፒተርሉ በተባለ የእንግሊዝ ስፍራ ሊሰበሰብ ተጠራርቷል። ተራኪው አይጨነቅም። ብልሆቹ ሁሉ ወደ ላይ ተለቅመው ስላለቁ፣ ታች የቀረው ሕዝብ የሚመራው ጭንቅላት የለውም፤ ጥቂት ቀን ይረበሻል፣ ከዚያ ወደየቤቱ ይገባል ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ከሥሩ አሳታሚው ያስገባት አጭር የግርጌ ማስታወሻ አለች። ተራኪው ራሱ ፒተርሉ ላይ ስለተገደለ፣ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን አይቶ ሊያርመው አልቻለም ትላለች።